ከልጅ ቤዝመንት ወደ ራስ ቁልፍ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ ሲኒየር ቢልዲንግ ሲገመገም

ውጤቱን ከፊት ላስቀምጠው። ለቤቱ ከአምስት ኮከብ አራት። ለቢሮው ሁለት። ለጎረቤቶቼ አምስት፣ ከአንዷ በስተቀር። እሷ ራሷን ታውቃለች።

ሕንጻው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው ያለው። ዕድሜው 62 የሞላ፣ ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ነው የሚገባበት። ስሙን አልጽፍም። በየዓመቱ እዚያ ቢሮ ቁጭ ብዬ ወረቀት የምፈርም ሰው ነኝ፣ ነገር አልፈልግም። ደግሞም ስሙ ብዙ አይጠቅማችሁም። የኛን ጨምሮ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሕንጻዎች «ሴክሽን 202» በሚባለው የመንግሥት ፕሮግራም የተሠሩ ናቸው። ፕሮግራሙ ከ1959 ጀምሮ ያለ ነው። ዋናውን ደንብ የሚያወጣው ሃድ የሚሉት የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ አንዱን ያየ ሌላውንም ከሞላ ጎደል አይቶታል።

እኔ ነገሩን ከሁለት በኩል ነው የማውቀው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት ሀብታም አሜሪካኖች የሚኖሩበት ትልቅ የጡረተኞች መንደር ውስጥ ነው። ነርሲንግ አሲስታንት ነበርኩ። ሳጥብ፣ ሳለብስ፣ ሳበላ ኖሬ ነው ራሴ ነዋሪ የሆንኩት። በዚህ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ እነዚያን መንደሮች ቀጥ አድርገው የሚይዙት ብዙውን ጊዜ የኛ ሴቶችና ምዕራብ አፍሪካውያን ናቸው።

እና መጀመሪያ የማይመሳሰሉትን ነገሮች እንለያቸው። ልጆቻችን እዚህ ላይ ነው የሚምታታባቸው።

እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ሌዠር ወርልድ የሚባል ሰፈር አለ። ከ1966 ጀምሮ ሰው ይኖርበታል። አጥር አለው፣ በር ላይ ጥበቃ አለው፣ ጎልፍ ሜዳ አለው። 55 ዓመት የሞላው ሰው ቤት ይገዛል፣ በየወሩ ለሰፈሩ ይከፍላል፣ እንደማንኛውም ሰው በሩን ዘግቶ ይኖራል። ይኼ አንዱ ዓይነት ነው።

ሌላው እኔ የሠራሁበት ዓይነት ነው። ሰው ገና ጤነኛ ሳለ ይገባል። ሲገባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ከዚያ በየወሩ ብዙ ሺህ ይከፍላል። በምላሹ ሲደክም ከአፓርትመንቱ ወደ አሲስትድ ሊቪንግ፣ ማለትም በየዕለቱ ረዳት ወዳለበት ክፍል፣ ሲብስ ወደ ናርሲንግ ሆም ይዛወራል፤ ከግቢው ሳይወጣ። ምግብ ቤት አለ፣ መዋኛ አለ፣ ክሊኒክ አለ። ሚስት ታች ናርሲንግ ሆም ተኝታ ባል ከላይ አፓርትመንቱ እየወረደ በየቀኑ ምሳ ሲያበላት አይቻለሁ። ገንዘብ ካለ መልካም ነገር ነው። ግን የኛ ሰው የመግቢያውን ክፍያ ሲሰማ «ቤት ነው የምገዛው ወይስ መንግሥተ ሰማያት?» ነው የሚለው።

ሦስተኛው የኛ ነው። የኛ ቤት ነው። በቃ፣ ቤት። ነርስ የለም። ምግብ አብሳይ የለም። ክኒን ዋጥሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢሮው በሥራ ሰዓት ይከፈታል፣ ዓርብ ማታ ይዘጋል፣ እስከ ሰኞ አለቀ።

አንድ ልጅ እናቱን አምጥቶ፣ ዕቃዋን አስገብቶ፣ «እማዬ፣ እዚህ ይንከባከቡሻል» ብሏት ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ አላወቀም። በማግሥቱ ኮሪደር ላይ አገኘችኝና ምሳ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። የኔ ሽሮ ነበር የመጣው።

ኪራዩን እናውራ፤ ሰውን የሚስበው እሱ ነው። ተቀናሽ ወጪዎች ከወጡ በኋላ ከገቢያችሁ 30 በመቶ ነው የምትከፍሉት። በኤስኤስአይ፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ መንግሥት በየወሩ በሚሰጠው ገንዘብ ብቻ የሚኖር ሰው እንውሰድ። በ2025 ለአንድ ሰው ከፍተኛው የፌዴራል ኤስኤስአይ በወር 967 ዶላር ነበር። ከዚያ ላይ ኪራዩ 280 ዶላር አካባቢ ይሆናል። እዚሁ ሰፈር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት በገበያ ዋጋ ከ1,500 ዶላር በታች ማግኘት ዘበት ነው። ልዩነቱን እናንተ አስሉት።

ቀሪው ዋጋ በወረቀት ነው የሚከፈለው። በየዓመቱ ሪሰርቲፊኬሽን፣ ማለትም ገቢን እንደገና ማረጋገጥ አለ። የባንክ ስቴትመንት ይቀርባል፣ የሶሻል ሴኩሪቲ፣ የመንግሥት ጡረታው ማለት ነው፣ ደብዳቤ ይቀርባል፣ የሐኪምና የመድኃኒት ወጪ ደረሰኝ ይቀርባል። ደረሰኙን አትጣሉ፣ ኪራይ ሊቀንስላችሁ ይችላል። ቀነ ገደቡ ካለፈ ደግሞ ድጎማው ይነሣና የገበያውን ዋጋ ክፈሉ ትባላላችሁ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ፖስታ የማይከፍት ሰው እዚህ ሕንጻ ውስጥ አይበረክትም።

ገንዘብ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ሲቸገርበት አይቻለሁና። አንደኛው ልጅ የሚልከው ነው። ለበዓል ወይም ለልደት የተሰጠ ስጦታ ችግር የለውም። በየወሩ በዜል፣ በባንክ ስልክ መላኪያው፣ የሚገባ 200 ዶላር ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል፣ ኪራይ ላይ ይጨመራል። ሁለተኛው እቁብ ነው። ኤስኤስአይ የሚበላ ነጠላ ሰው ከ2,000 ዶላር በላይ ሀብት ሊኖረው አይችልም። የሚታየው ወሩ በገባበት በመጀመሪያው ቀን ያለው ነው። አንዲት እህታችን እቁብ ወጣላት። እልል ብላ ባንክ አስገባች። የሚቀጥለው ወር ኤስኤስአይ ቀረና ስልክ ስትደውል፣ ስታለቅስ፣ ሶሻል ወርከር ስትፈልግ ከረመች። እቁቡን አትጣሉ አልልም። ዕጣው ሲወጣ ወሩ ሳያልቅ ጥርሳችሁንም አሠሩበት፣ አልጋም ግዙበት፣ ደረሰኙን ግን ያዙ።

አገር ቤት መሄድም እንደዚያው ነው። የኤስኤስአይ ሰው በተከታታይ 30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ክፍያው ይቆማል። ተመልሶም ቢሆን እንደገና 30 ቀን እዚህ እስኪቀመጥ አይጀምርለትም። እኔ ሠርቼ፣ ከፍዬ ያገኘሁት ሶሻል ሴኩሪቲ ስለሆነና ዜጋ ስለሆንኩ ያ አይነካኝም። ቤቱ ግን ለኔም ገደብ አለው። ለረጅም ጊዜ ስትሄዱ በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ፤ ከተባለው ቀን በላይ ከቆያችሁ ቤቱን እንደለቀቃችሁ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ቲኬት ሳትቆርጡ ቀኑን ጠይቁ። ጥምቀትን ጎንደር አሳልፎ፣ ሁዳዴን እዚያው ጾሞ፣ ለፋሲካ መመለስ የሚሉት እቅድ ከዚህ ቤት ጋር አይሄድም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ።

የኔ ባለ አንድ መኝታ ነው። ሳሎኑ ሶፋ፣ ቴሌቪዥንና ረከቦት ይይዛል። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግን የራሴ ነው። መስኮቴ በምዕራብ በኩል ስለሆነ በበጋ ከሰዓት በኋላ ይፋጃል። ግድግዳው ስስ ነው። ጎረቤቴ ሚስተር እገሌ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እሱም የኔን የጠዋት ዳዊት ሳይወድ በግድ ይሰማል።

የመታጠቢያ ቤቱን ነገር ግን ረጋ ብዬ ልናገር፤ ይኼ ሙያዬ ነው። ከግድግዳው ላይ ቀጭን ገመድ ይንጠለጠላል። መኝታ ቤትም አለ። የወደቀ ሰው ሲስበው ጥሪው ይሄዳል፣ ከበሩ ውጭ ያለው መብራትም ይበራል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን እትዬዎቼ ምን ያደርጋሉ? ወለል ሲያጥቡ ገመዱ ይረጥባል ብለው ሰብስበው ከላይ ከፎጣ መስቀያው ጋር ቋጥረው ያስሩታል። አንዳንዷ ጫፉ ላይ አበባ ነገር ሁሉ ሰክታበት አይቻለሁ። የወደቀ ሰው የሚገኘው መሬት ላይ ነው። ክንዷን ማንሣት ያቃታት ሴት ፎጣ መስቀያ ጋ ያለውን ገመድ በምን ትደርስበታለች? ገመዱ ወለሉን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ መውረድ አለበት። እናታችሁን ልትጠይቁ ስትሄዱ ከቡናው በፊት ሽንት ቤት ገብታችሁ ገመዱን እዩት። ታስሮ ካገኛችሁት ፍቱት። እኔ በየቤቱ ስጋበዝ እጄን ልታጠብ ብዬ ገብቼ ፈትቼ እወጣለሁ። ነቅተውብኛል።

ቤቱን ስታዩ ደግሞ ገንዳ ነው ወይስ ወለሉ ላይ ረግጠው የሚገቡበት ሻወር ብላችሁ ጠይቁ። የአንዳንዱ ፎቅ ገንዳ ነው። ጠርዙ እስከ ጉልበት ይደርሳል። በ62 ዓመት ምንም አይደለም፤ በ78 ግን ያንን ጠርዝ እግር አንሥቶ ማለፍ ትልቅ ሥራ ነው። በሥራዬ ዘመን ያየሁት የዳሌ ስብራት ብዙው ከዚያ፣ ወይም ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲኬድ ከሚያዳልጥ ምንጣፍ ነው። ገንዳ ከሆነ መደገፊያ ብረትና መቀመጫ እንዲገባላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በጽሑፍ! በቃል የተጠየቀ ነገር ቢሮው ውስጥ ወዲያው ይተናል።

ቡናስ? እሱን ነው ሁሉም የሚጠይቀኝ።

ማፍላት ይቻላል። መቁላት ላይ ነው ችግሩ። ጣሪያው ላይ ያለችው የጭስ አላርም የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና መለየት አትችልም፤ ሁለቱም ላይ ትጮሃለች። ዕጣን በቤቱ ደንብ ክልክል ነው። ሻማም ክልክል ነው። ከሰል ማሰብም አያስፈልግም። ድሮ አንዳንዱ አላርሟን በፌስታል ወይም በፀጉር መሸፈኛ ፕላስቲክ ይሸፍናት ነበር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ኢንስፔክሽን ላይ ከተገኘ ከባድ ጥፋት ነው፤ ከዚያም በላይ ብዙዎቻችን የምንተኛው ከባድ እንቅልፍ ነው፣ ሽሮ ምድጃ ላይ ጥዶ የሚረሳ ሰው ደግሞ አይጠፋም። እኔ መስኮት እከፍታለሁ፣ የምድጃውን ማራገቢያ እለቃለሁ፣ ለአንድ ጀበና የምትበቃውን ብቻ በትንሽ መጥበሻ ቶሎ ቶሎ እያማሰልኩ እቆላለሁ። ጥቁር ሳይሆን ቡናማ ላይ አወጣለሁ። ለዓመት በዓል የሚሆነውን ልጄ ቤት ሄጄ ጓሮ ላይ ቆልቼ እመጣለሁ። ከሱቅ የተቆላ የሚገዙም አሉ። አልፈርድባቸውም፣ ግን እነሱ ጋ ስጠራ ሦስተኛውን አልጠብቅም።

እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፣ ማንም አልከለከለንም። በርበሬ ሲቁላላ ግን ከላይ ፎቅ ያለችው ቻይናዊት ታስላለች፤ እሷ ዓሣ ስትጠብስ ደግሞ እኔ መስኮት እከፍታለሁ። ተቻችለናል። በጸደይ ከኋላ ያለውን የአትክልት መደብ ተከፋፍለን እንዘራለን። እሷ ስሙን የማላውቀውን ረጅም ባቄላ፣ እኔ ጎመንና ጤና አዳም። ጤና አዳሟን ስታሸት አፍንጫዋን ይዛ ትስቃለች።

ስለ ሰዎቹ ካነሣሁ አይቀር፣ የሕንጻው ማኅበራዊ ሕይወት ከጠበቅሁት በላይ ነው። ከኤል ሳልቫዶር፣ ከቬትናም፣ ከቻይና፣ ከኤርትራ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያንም አሉ። ቢንጎ አለ። መጀመሪያ ሕፃንነት መስሎኝ ነበር፣ አሁን ቢንጎ ያለበት ቀን ቀጠሮ አልይዝም። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት ስፖርት አለ። በየወሩ የልደት ኬክ ይቆረጣል። የጃንዋሪው ኬክ ሁልጊዜ ትልቅ ነው፤ ስደተኛ ሆነን ስንመጣ ትክክለኛ ቀናችን ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 ተብለን የተመዘገብን ብዙ ነን። አንድ ጋሼ መስከረም ላይ እንደተወለዱ እርግጠኛ ናቸው፣ ግን ኬኩን ጃንዋሪ ላይ ይበላሉ።

ምሳ በካውንቲው፣ በአካባቢው አስተዳደር በኩል አንዳንድ ቀን ይመጣል። 60 ዓመት ለሞላው ነው፣ የተተመነ ዋጋ የለውም፣ የቻለ መዋጮ ያደርጋል። ረቡዕ ዶሮ ይመጣል፣ ዓርብ ተርኪ ይመጣል። ሁዳዴ ሲገባ እኛ ከወረፋው ላይ እንጠፋለን፣ አስተባባሪዋም የታመምን መስሏት ትጠይቃለች። በወር አንዴ ደግሞ ለአረጋውያን የሚታደል የምግብ ካርቶን አለ። ፓስታ፣ የታሸገ ምግብ፣ ኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሁለት ፓውንድ የምትመዝን ቢጫ አይብ። የዚያች አይብ ነገር! ሁሉም ይቀበላታል፣ ማንም አይጨርሳትም። ለልጅ ልጆች ትሄዳለች።

ጠዋት ጠዋት የዴይ ኬር፣ ማለትም አረጋውያን ቀኑን የሚውሉበት ቦታ ቫኖች በሩ ላይ ይደረደራሉ። ሜዲኬድ፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ያለውና በሐኪም የተፈቀደለት ሰው ይሄዳል። የኛ ሰዎች የከፈቷቸውም ስላሉ ምሳው እንጀራ የሆነበት ቦታ አለ። ባልሄድም ለሚደብራቸው ሰዎች መድኃኒት እንደሆነ አያለሁ። ጠዋት ከንፈሯን ጥላ የወጣች ከሰዓት እየተጫወተች ትመለሳለች።

መጓጓዣው ነው ሌላው ደጉ ነገር። የካውንቲው አውቶቡስ ራይድ ኦን ነጻ ነው፣ በራችን ላይ ይቆማል። 65 የሞላው ሰው ሜትሮን በግማሽ ዋጋ ይሳፈራል። እሑድ ግን አውቶቡሱ ይሳሳል፣ ቅዳሴ ደግሞ በሌሊት ነው። ስለዚህ መኪና ያለው የሰንበት ተማሪ ወዳጅ አበጁ።

የማይጥመኝን ልናገር። እንግዳ። አንድ እንግዳ በዓመት ውስጥ ማደር የሚችለው ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። እህታችሁ ከአገር ቤት በስንት መከራ ቪዛ አግኝታ መጥታ ወር ሙሉ እናንተ ጋ ልትሰነብት አትችልም። ከዚያ ያለፈች እንደሆነ ስሟ ውል ላይ የሌለ ነዋሪ ናት ይባላል። ደንቡ ለምን እንደወጣ ይገባኛል፣ ግን ዘመድን በቀን ቆጥሮ ማስተናገድ አልለመደልኝም።

ሊፍት። ሁለት አሉን፣ አንዱ ዘወትር ታሟል። አንድ ጊዜ ሁለቱም ቆሙና ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ያለበት ጎረቤታችን ከአምስተኛ ፎቅ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ሸክም ነው የወረደው። ቢሮው «ይቅርታ፣ መለዋወጫ ታዟል» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ወረቀቱ ከመለዋወጫው በፊት አረጀ።

ለቅሶ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ሕንጻው ሰው ሲሞት ሎቢው ላይ ፎቶና አበባ ያስቀምጣል። በቃ። እኛ ግን እንደዚያ አንሰናበትም። አንዲት እናታችን ሲያርፉ ኮሚኒቲ ሩሙን ለመያዝ ቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል ተባለ። ሞት ቀድሞ ያመለክት ይመስል! የነዋሪዎችን ጉዳይ የምትከታተለው የሕንጻው አስተባባሪ ደግ ናት፣ ተሟግታ አስፈቀደችልን። ሰው መጣ፣ ንፍሮ መጣ፣ እንጀራ በትሪ መጣ፣ ወንበር አለቀ። ማታ ላይ ስንወጣ የለቀስተኛው መኪና ተጎትቶ ሄዷል። እንግዳ ማቆሚያ ላይ ፈቃድ ሳይለጥፉ ነበር ያቆሙት። ለቅሶ የመጣ ሰው መኪናውን ለማስለቀቅ ሲከፍል አደረ። ከዚያ ወዲህ የእድራችን ሰብሳቢ የመጀመሪያ ሥራው የፓርኪንግ ወረቀት ማደል ሆኗል።

የነርሲንግ አሲስታንትነቴን ቃል እዚህ ላይ ልጨምር። አንድ ቀን ጉልበት ይከዳል። ያን ጊዜ ምን ይሆናል ብላችሁ ከአሁኑ አስቡ። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የጤና መድን፣ ያለው ሰው ናርሲንግ ሆምም ይከፍልልኛል ብሎ ያምናል። አይከፍልም። ሆስፒታል ቢያንስ ሦስት ቀን ተኝቶ ለወጣና ሕክምናና ልምምድ ለሚያስፈልገው ሰው ቢበዛ እስከ 100 ቀን ነው የሚሸፍነው፤ ከ20ኛው ቀን በኋላ ደግሞ ታካሚው ራሱ በየቀኑ የሚከፍለው አለ። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሜዲኬር የለበትም። ያ የሜዲኬድ ነገር ነው። ሜዲኬድ ያላችሁ በቤታችሁ እያላችሁ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት የምትመጣ ረዳት ማስፈቀድ ትችላላችሁ። በኛ ሕንጻ ብዙ ሰው በዚህ ነው የቆየው። ማመልከቻው ጊዜ ይወስዳል፤ ከመውደቅ በፊት ነው መጀመር ያለበት። እዚህ አስተባባሪዋ ትረዳለች። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ አቅርቡልኝ በሏት፣ ትደውልላችኋለች። የልጅ ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጁ «ሽንት» የሚለውን ቃል አፍሮ ይዘለዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ እያለ አራት ኮከብ ከየት መጣ?

ከዚያ በፊት የኖርኩት ልጄ ቤት፣ ክላርክስበርግ፣ ቤዝመንት ነው። ቤቱ ያምራል። ልጄና ባሏ ደጎች ናቸው። ግን ጠዋት ሁሉም ይወጣል። መንገዱ ላይ ሰው የለም። አውቶቡስ ለመያዝ ረጅም መሄድ ነው። መኪና አልነዳም። ሽሮ ሠርቼ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ተቀብዬ፣ ቴሌቪዥን አይቼ፣ ደረጃውን ወርጄ እተኛለሁ። ከቤት ለመውጣት የሰው ፈቃድ ሳይሆን የሰው መኪና እጠብቃለሁ። ሰዎች «ልጅ እያላት እንዴት ብቻዋን?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ሴት «ጣሏት እንዴ?» ብላ በሹክሹክታ ስትጠይቅ ጆሮዬ ደረሰ። ማንም አልጣለኝም። አሁን ልጄ ስትመጣ ደውላ ትመጣለች፣ እንግዳዬ ናት፣ ቡና አፈላላታለሁ። ድሮ «እማ፣ ሳሎኑን አንሺልኝ» ትለኝ ነበር። የልጅ ልጆቼ ሊፍቱን ይወዱታል፣ ሲሠራ።

ደግሞ ይኼ ቤት ለሁሉ ሰው አይሆንም። መርሳት የጀመረች እናት እዚህ ብቻዋን አትቀመጥ። ምድጃ አለ፣ በር አለ፣ የሚጠብቃት የለም። በሰው መሐል መሆን የማይወድ ሰውም ይሰለቻል፤ ጎረቤት ስምህን፣ ሕመምህንና ኪራይህን ያውቃል። ባልና ሚስት ለሆኑ ባለ አንድ መኝታው ይጠባል። ጋሽ እገሌ ሬዲዮ ሲያዳምጡ እትዬ እገሊት ሎንደሪ ክፍል ወርደው የሚቀመጡት ልብስ ኖሯቸው አይደለም።

ልትገቡ ካሰባችሁ ወረፋው ረጅም ነው፣ ዓመታት ይፈጃል። አንዳንዱ ሕንጻ ዝርዝሩን ዘግቶታል፤ ሲከፍት ለጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ አትመዝገቡ። ዕድሜያችሁ 62 እንደሞላ ብዙ ቦታ አመልክቱ፣ ለእያንዳንዱ ያስገባችሁበትን ማረጋገጫ በአንድ ፋይል አኑሩ። ተራችሁ ሲደርስ የሚመጣው በደብዳቤ ሊሆን ይችላል፣ ለመመለስ የሚሰጣችሁም ጊዜ አጭር ነው። መልስ ካልሰጣችሁ ስማችሁ ይሰረዛል፣ እንደገና ከመጨረሻው ነው። አድራሻ ወይም ስልክ ስትቀይሩ ለእያንዳንዱ ሕንጻ በየተራ በጽሑፍ አሳውቁ። አንዱ ቢሮ ለሌላው አይነግርም። ጥሪው ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የቀረበላችሁን ቤት አልፈልግም ማለት ስማችሁን ወደ ታች ያወርደው እንደሆነ ከመመለሳችሁ በፊት ጠይቁ።